ስለ ካላዛር ለማስረዳት፦ በራሪ ወረቀት ወይስ የፊት ለፊት ውይይት?

ከጎንደር ዙሪያ ተነሥተው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ለሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ስለሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ለማስረዳት የሚነሣ ተመራማሪ ሁለት መንገዶች አሉት፤ በራሪ ወረቀት ማሳተም ወይም መናኸሪያ ድረስ ሄዶ መነጋገር።

ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ በጥንቃቄ ከተጻፈም መልእክቱ ሳይዛባ ለብዙዎች ይደርሳል። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት፣ መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ምልክቶቹ መሆናቸውን በአጭሩ ይይዛል። ማንበብ ለማይችል ሰው ግን አይረዳም፤ ምሁራን ሲጽፉት ደግሞ ለሚያነበውም የሚከብድበት ጊዜ አለ።

ውይይቱ ጊዜና ጉልበት ቢጠይቅም ተመራማሪው ያላሰበውን ጥያቄ ያወጣል። «አጎበር አለኝ፤ አይበቃኝም ወይ?» የሚል ሠራተኛ ሲገጥመው፣ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ እንደምትችል፣ ስለዚህም ዓይኑ የጠበበና ፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር እንደሚሻል፣ ከግራር ሥርና ከተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት ርቆ መተኛትም እንደሚረዳ እዚያው ያስረዳዋል። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ማስፈር ይቻላል፤ ጥያቄው ሳይሰማ ግን ማን አስቦ ይጽፈዋል?

በእኔ ግምት ውይይቱ ይቀድማል፤ ወረቀቱም በዚያ ከተነሡት ጥያቄዎች ተነሥቶ ቢጻፍ ይሻላል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ሠራተኛው ወደ ቀዬው ከተመለሰ ወዲያ ስለሆነ፣ «ቆላ ወርጄ ነበር» ብሎ ለጤና ባለሙያው እንዲናገር የሚያስታውሰው በኪሱ ያለው ወረቀት ነው።