ኮሎራዶ ተራራ ላይ ለመጋባት ያሰባችሁ፣ ይቺን ፎቶ አንሺ እወቋት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው መስከረም እኔና ባለቤቴ ኮሎራዶ፣ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ብቻችንን ተጋባን። ፎቶዎቹን ከለጠፍኩ ወዲህ «ማን አነሳችሁ?» የሚለው ጥያቄ ስላላቆመ መልሴ ይኸው። አንድም ለማመስገን፣ አንድም ለመጠቆም።

ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ እሱን እናንተም አይታችኋል። እኔ ማውራት የምፈልገው ግን ካሜራዋን ከማውጣቷ በፊት ስለሠራችው ሥራ ነው። ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ሞልቷል። ሳምንታት ቀድማ በቪዲዮ ደውላ ሻንጣ አስከፍታ «እሱን አውጪው፣ ይሄን ጨምሪ» የምትል ፎቶ አንሺ ግን እኔ ሌላ አላጋጠመኝም።

ለምን ብቻችሁን ለምትሉ ባጭሩ ልናገር። የሁለታችንም ወላጆች አዲስ አበባ ናቸው፣ ቪዛው አልተሳካም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተነጋግሮ ያለቀ ጉዳይ ነው፣ የተደበቀ ነገር የለውም። ትልቁን ድግስ አገር ቤት ስንገባ እንደግሳለን። እናትና አባት በሌሉበት እዚህ ቨርጂኒያ አዳራሽ ተከራይቶ ግማሹን የማናውቀውን ሰው ማብላት አልታየንም። ኮሎራዶን የመረጥነው ደግሞ ሕጉ ስለሚመች ነው። እዚያ ቄስም ዳኛም ሳይኖር ተጋቢዎቹ ራሳቸው ፈርመው መጋባት ይችላሉ። ምስክር እንኳን አይጠየቅም።

ልጅቷ ዴንቨር ነው የምትኖረው፣ ያገራችን ልጅ ናት። መጀመሪያ ስናወራት ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ወረቀት ነው የጀመረችው። የጋብቻ ፈቃዱ 30 ዶላር ነው፣ በዚያው ቀን ይሰጣችኋል፣ 35 ቀን ያገለግላል፣ ከተፈረመ በኋላ በ63 ቀን ውስጥ ለሰጣችሁ ቢሮ ይመለሳል። ይሄን ኢንተርኔት ላይም ታገኙታላችሁ። እሷ የጨመረችው ሌላ ነው። «ወረቀቱ ሲመዘገብ የተረጋገጠ ቅጂ ሁለት ሦስት አድርጋችሁ እዘዙ፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚጠየቀው እሱ ነው» አለችን። ፎቶ አንሺ ይሄን የማለት ግዴታ የለባትም እኮ። ወረቀቱን በደረቅ ፋይል፣ ፋይሉን በላስቲክ፣ ሁለት ጥቁር እስክሪብቶ ደግሞ አብሮ። እስክሪብቶ ረስተው ተራራ ላይ ቆመው የቀሩ ሙሽሮች እንዳጋጠሟት ነገረችን። ሳቅን፣ ግን ሁለቱንም እስክሪብቶ ይዘናል።

ቦታውንም ያስመረጠችን እሷ ናት። ፓርኩ ውስጥ ለመጋባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሚፈቀዱት ቦታዎችም ተለይተው የተቀመጡ ናቸው፣ በየወሩ የሚሰጠው ፈቃድም ገደብ አለው። እኛ ሊሊ ሌክ የሚባለውን ሐይቅ ወሰድን። ባለቤቴ መጀመሪያ በሌሊት ተነስተን ረጅም መንገድ ወጥተን ጫፍ ላይ ካልሆነ ብሎ ነበር። እሷ «በቀሚስ፣ በጨለማ፣ ከባሕር ጠለል ከመጣ ሰው ጋር? አይሆንም» አለችው፣ በቃ። ሊሊ ሌክ መኪና ከሚቆምበት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሎንግስ ፒክ የሚባለው ተራራ ተገትሯል፣ 4,346 ሜትር።

ከፍታውን በተመለከተ እኔ ራሴ ተከራክሬያታለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ሐይቁ 2,700 ሜትር ገደማ ቢሆን ምን ይለኛል? እሷ ግን «አሁን የምትኖሪው የት ነው?» ብቻ ነው ያለችኝ። ሰውነት የለመደውን ከፍታ ይረሳዋል፣ ዓመታት ዝቅ ያለ አገር የኖረ አበሻ እንደማንኛውም ሰው ራስ ምታት ይይዘዋል አለች። ስለዚህ ቀድመን ገብተን ዴንቨር እንድናድር፣ ከዚያ ፓርኩ አፍ ላይ ያለችው ከተማ ኤስቴስ ፓርክ እንድናድር፣ ውሃ እንድንጠጣ፣ ጠጁን ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ እንድናደርገው አዘዘችን። አዎ፣ አዘዘችን ነው የምለው። አመሏ እንደዛ ነው።

አሁን ወደ ቀሚሱ ልምጣ፣ ሴቶች እዚህ ጋ አንብቡ። ፈትል ቀሚስ ነው ያሠራሁት፣ አዲስ አበባ ተሸምኖ በሰው የመጣ፣ ጥበቡ ከታች ሰፊ። እሷ ገና በቪዲዮ እንዳየችው «መሬት ይነካል?» አለችኝ። ይነካል። «ቁርጭምጭሚትሽ እስኪታይ አሳጥሪው። ጠዋት ሣሩ ጤዛ ነው፣ ጥበቡ አንዴ ጭቃ ከጠጣ አለቀለት» አለች። እኔ መቁረጥ አልፈለግኩም፣ አገር ቤት ድጋሚ የምለብሰው ነው። እሷ መላ ነበራት፤ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ታጥፎ በእጅ ስፌት ላላ ብሎ ይያዛል፣ በኋላ ይፈታል። እንዳለችው አደረግነው። ዛሬ ቀሚሱ እንደነበረ ነው፣ አንድ ነጥብ ጭቃ የለውም።

ከሥር ደግሞ ተርማል የሚሉትን ስስ የውስጥ ልብስ፣ በቆዳዬ ቀለም፣ ምክንያቱም ነጭ ፈትል ሁሉን ያሳያል፣ ጥቁር ከለበስሽ ፎቶው ላይ እግርሽ ብቻውን ይወጣል። የሱፍ ካልሲ። የተራራ ቦት ጫማ፣ ተገዝቶ ቀደም ብሎ የተለመደ እንጂ ለዕለቱ አዲስ ያልሆነ። ነጩ ጫማ በቦርሳ ይሂድ፣ ቆመን ስንነሳ ብቻ ይጠለቅ። ከላይ ምን ልልበስ ስላት «ጋቢ የላችሁም እንዴ?» አለች። ልክ ናት። አራት ድርብ ነው፣ ይሞቃል፣ ነጭ ነው፣ ከልብሱ ጋር ይሄዳል፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ካባ አስቤ ነበር፣ ቬልቬቱ ከብዶ ሻንጣውን ይበላዋል ብላ አስቀረችው። ጋቢውም ቢሆን ሻንጣ ይሞላል፣ አውሮፕላን ላይ ለብሰነው ሄድን። ጎረቤታችን የተቀመጡት ሴትዮ ከየት እንደተገዛ ጠይቀውናል።

ቀሚሱ ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ እንዳይሄድ፣ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ፣ ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ፣ በየመሃሉ ስስ ነጭ ወረቀት ገብቶበት። ሆቴል ስትደርሱ መታጠቢያ ቤት ስቀሉት፣ ሙቅ ውሃውን ክፈቱ፣ በሩን ዝጉ። እንፋሎቱ ይዘረጋዋል። ጥበቡን ካውያ አታስነኩት አለች፣ እኔም አላስነካሁትም።

ፀጉሬን ሹሩባ ያስደረገችኝም እሷ ናት። ልለቀው ነበር ያሰብኩት። እዚያ ያለውን ነፋስ ሳየው ፀጉሬን ብለቀው ኖሮ ፎቶው ላይ ፊቴ አይታይም ነበር። ነጠላውን በሁለት መርፌ ቁልፍ ትከሻዬ ላይ ያዘችልኝ። መርፌ ቁልፍ፣ መርፌና ነጭ ክር፣ የከንፈር ቅባት፣ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት፣ የግንባር መብራት፣ የፀሐይ ክሬም፣ እነዚህ ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ አሉ። የፀሐይ ክሬም በብርድ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር፣ ግን ከፍታ ላይ ፀሐዩ ይበረታል፣ ባለቤቴ አልቀባም ብሎ ማታ አፍንጫው ቀልቶ ነበር።

ስለማይወሰዱት ነገሮች ደግሞ ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ነው አበሻ መሆኗ የጠቀመን። ፈንዲሻ መበተን የለም፣ እንስሳቱ ይበሉታል። ቄጠማ መጎዝጎዝም፣ አበባ መበተንም የለም። ፓርኩ ውስጥ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ እሳት ስለማይነደድ ጀበና ትዝ እንዳይለን። ቡናውን ኤስቴስ ፓርክ አፍልተን በቴርሞስ ይዘን ወጣን፣ ሲኒዎቹን ግን በካልሲ ጠቅልለን ይዘናል፣ እሱን ፈቀደች። ድፎ ዳቦውን ራሷ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ ካለ ያገራችን ሰው ዳቦ ቤት ይዛልን መጣች፣ ሳንጠይቃት። ድሮንም የለም። ባለቤቴ አንድ ጓደኛው ድሮን ሊያውሰው ነበር፣ «ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ክልክል ነው፣ ይዘህ ከመጣህ እኔ አልመጣም» ብላ ዘጋችው።

ወላጆቻችንን በቪዲዮ እናስገባለን የሚለውንም ያስቀየረችን እሷ ናት። ፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ አይታመንም፣ ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይሞታል። «ምርቃቱን ቀድመው ይቅረጹላችሁና ስልካችሁ ላይ አውርዱት» አለች። የኔ እናትና የሱ አባት በድምፅ ቀርጸው ላኩልን። ከፈረምን በኋላ ጋቢውን ደርበን ስልኩን መሃላችን ይዘን ሰማነው። ያን ጊዜ እሷ ካሜራዋን አውርዳ ራቅ ብላ ቆመች። አላነሳችንም። ለምን እንዳላነሳች ጠይቄያት አላውቅም፣ ግን ከሁሉም በላይ ያመሰገንኳት ለዚህ ነው። በኋላ ኤስቴስ ፓርክ ወርደን ደወልን፣ እኛ ጋ ገና ጠዋት፣ አዲስ አበባ አመሻሽ፣ ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

ቀኑንም የመረጠችልን እሷ ናት፤ በፈረንጅ መስከረም መጨረሻ፣ የመስቀል ሰሞን። አስፐን የሚባሉት ዛፎች ያኔ ቢጫ ይሆናሉ፣ ጋራው አደይ አበባ የፈነዳበት ይመስላል። የፈረንጁን በጋ፣ ማለትም ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ ስለሚበዛ አትወደውም። ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖችም በዚህ ወቅት ነው የሚጮኹት፣ ሲጮኹ ፉጨት ነው የሚመስለው። አንዱ ወደ እኛ ሲመጣ ሥነ ሥርዓቱን አቁማ ወደ ኋላ አስመለሰችን፣ ርቀት መጠበቅ ግዴታ ነው። ከዚያ መንገዱ ክፍት ስለነበር ትሬይል ሪጅ ሮድ የሚባለውን የፓርኩን የተራራ መንገድ በመኪና ይዘን ወጣን። ከፍተኛው ቦታ 3,713 ሜትር ነው፣ ነፋሱ አያስቆምም። ጥቂት አንስታን መኪና ውስጥ አስገባችን። ሣሩን አትርገጡት፣ እዚያ ከፍታ ላይ ተመልሶ ለመብቀል ብዙ ዓመት ይፈጅበታል ብላም ተቆጥታናለች።

ጉድለቷንም ልናገር፣ አለዚያ ዘመዷ ልመስላችሁ እችላለሁ። መልስ ለመስጠት ትዘገያለች፣ ቀን ሌላ ሥራ ስላላት ማታ ነው የምትጽፈው። ፎቶዎቹንም ቆይታ ነው ያደረሰችው። ዋጋዋ ርካሽ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ ከነገረችን ላይ አንድ ዶላር አልጨመረችም፣ የዳቦውን እንኳን አልተቀበለችም። ደግሞ ቆጣ ትላለች፣ ካሁኑ ልመዱት።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልን። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላልሽኝ አላወጣሁም፣ ባለቤቴም ድሮኑን ረስቶታል።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ትልልቅ ሠርግ አትሠራም፣ ከአሥር ሰው በላይ ከሆናችሁ እምቢ ትላለች። የመስከረምን ቅዳሜና እሁድ የምትፈልጉ ካላችሁ የፓርኩ ፈቃድ ቶሎ ስለሚያልቅ መጀመሪያ እሱን ያዙ፣ ቀኑን ይዛችሁ ደውሉላት።