የግንድ ቤት ፕላን፦ አራት ማዕዘን ከነቆጡ ወይስ ኤል ቅርጽ?

የግንድ ቤት፣ ማለትም ግድግዳው አግድም በተደራረቡ ግንዶች የሚሠራ ቤት፣ ለማሠራት ያሰበ ሰው ፕላን መምረጥ ሲጀምር ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ጣሪያው ሥር ቆጥ ይኑረው፣ ወይስ መሬት ላይ የተዘረጋ፣ እንደ «L» ፊደል የታጠፈ ኤል ቅርጽ ይሁን? አራት ማዕዘኑን ውሰዱ። ኤሉ በሥዕል ያምራል፤ ገንዘባችሁን የሚበላው ግን ሥዕሉ ላይ የማይታየው ነገር ነው።

እኩል ስፋት ይዘን እናስላው። 8 በ12 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን 96 ካሬ ሜትር ነው፤ ዙሪያው 40 ሜትር፣ ማዕዘኑ 4። ከ12 በ12 ላይ 6 በ8 ጥግ ሲቀነስ የሚቀረው ኤልም ያው 96 ካሬ ሜትር ነው፤ ዙሪያው ግን 48 ሜትር፣ ማዕዘኑ 6። አንዱ ዙር ግንድ 22.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ከሰጠ፣ 2.7 ሜትር ግድግዳ 12 ዙር ይፈልጋል። አራት ማዕዘኑ 480 ሜትር፣ ኤሉ 576 ሜትር ግንድ ይጨርሳል ማለት ነው። ግንዶቹ ማዕዘን ላይ ተጠላልፈው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የሚያሳልፉት ጫፍ ሲታከል ልዩነቱ 110 ሜትር ይደርሳል። ይህን ሁሉ ከፍላችሁ የምታገኙት ተጨማሪ ቦታ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይሆንም።

የእጅ ዋጋው ከዚህም ይብሳል። በየዙሩ በየማዕዘኑ ሁለት የግንድ ጫፎች ተለክተው ይፈለፈላሉ። ለ4 ማዕዘን 96 ገደማ፣ ለ6 ማዕዘን 144 ገደማ ፍልፍል ይሆናል፤ ከግድግዳ ሥራ ሁሉ ሰዓት የሚፈጀውና በቂ ልምድ ያለው አናጢ የሚጠይቀው ደግሞ ይኸው ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ «በካሬ ስንት?» ብላችሁ አትለፉ። በሜትር ግንድ ስንት፣ በአንድ ማዕዘን ስንት ብላችሁ አስጻፉ። ሁለት ፕላን ይዛችሁ ለአንድ ሠሪ ብትሰጡት የቱ እንደሚያከስራችሁ ወዲያው ይታያል።

ከዚያ ጣሪያው አለ። የአራት ማዕዘኑ ጣሪያ ሁለት ተዳፋት ብቻ ነው። የኤሉ ሁለት ጣሪያዎች ግን ተገናኝተው ቦይ ይሠራሉ፤ የሁለቱም ውሃ በዚያ ወርዶ የሚያርፈው ወደ ውስጥ የታጠፈው ማዕዘን ላይ ነው። የግንድ ጫፍ ውሃን ከጎኑ ይልቅ በፍጥነት ይመጥጣል። የቦዩ ላሜራ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ማዕዘኑ ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል፤ ከውጭ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ጥገናውም ጡብ እንደመቀየር ቀላል አይደለም፤ ግንዶቹ የተጠላለፉ ስለሆኑ ወይ ከላይ ያለውን ሁሉ በክሪክ ማንሳት፣ ወይ የበሰበሰውን ፊት ቆርጦ በአዲስ እንጨት መለበጥ ግድ ይላል። ፕላኑ ምንም ዓይነት ቢሆን የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ 90 ቢሆን ይመረጣል። የታችኛው ግንድም ከመሬት ቢያንስ 30፣ ከተቻለ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

የአራት ማዕዘኑ ትልቁ ጥቅም ቆጡ ነው፤ ሻጮች አጋንነው የሚያወሩትም ስለ እሱ ነው። «96 ካሬ ታች፣ 96 ካሬ ላይ» ቢሏችሁ አትቀበሉ። 8 ሜትር ስፋት ላይ 45 ዲግሪ ጣሪያ ቀጥታ ከቆጡ ወለል ቢነሳ፣ ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ የሚኖረው መሐል ያለው 4 ሜትር ብቻ ነው፤ 48 ካሬ ሜትር ማለት ነው፣ የጣሪያው ውፍረት ሳይቀነስ። ከቆጡ ወለል በላይ 4 ዙር ግንድ ብትጨምሩ፣ ማለትም 90 ሳንቲ ሜትር፣ የሚቆምበት ስፋት 5.8 ሜትር ይሆናል፤ ወደ 22 ካሬ ሜትር አተረፋችሁ። የሚጨመረው ግንድ 160 ሜትር ነው፣ ግን ለእሱ ብላችሁ መሠረትም ጣሪያም አታሰፉም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የጣሪያው ወራጆች እነዚያን ከፍ ያሉ ግድግዳዎች ወደ ውጭ ይገፋሉ። ስለዚህ ፕላኑ ላይ የጣሪያውን አናት የሚሸከም ወፍራም አግዳሚ ከነምሰሶው መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ ያንን ፕላን አትግዙ።

ደረጃውንም ከሒሳቡ ቀንሱ። 2.7 ሜትር ለመውጣት በ18 ሳንቲ ሜትር 15 እርምጃ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው እርምጃ የሚያርፈው የላይኛው ወለል ላይ ስለሆነ መርገጫው 14 ነው፤ እያንዳንዱ 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቀጥ ያለ ደረጃ 3.92 ሜትር ርዝመት ይይዛል። በ2 ሜትር ቦታ ደረጃ የሚያሳይ ፕላን ደረጃ መውጣት ሳይሆን መሰላል መንጠልጠል ነው የሚሰጣችሁ።

ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ባለ አንድ ወለል ቤት ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ኤል መሆን የለበትም። 6 በ16 ሜትር ያው 96 ካሬ ነው፤ ዙሪያው 44፣ ማዕዘኑ 4። ረጅሙ ግድግዳ ግን በየ6 ሜትሩ ገደማ በተሻጋሪ የግንድ ግድግዳ ካልተያዘ ይጎብጣል፤ የግንዶቹ መቀጠያም እዚያ መጋጠሚያ ላይ ቢደበቅ ይሻላል።

አሁን ከቅርጹ የከፋ ችግር የሚያመጣውን እንይ፦ ለብሎኬት ወይም ለቀጭን የእንጨት ግድግዳ የተሣለን ፕላን «ወደ ግንድ ቀይረነዋል» ብሎ መሸጥ። ርካሽ ነው፣ ኪሳራውም ብዙ ነው። የግንዱ ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 8 በ12 በውስጥ 7.4 በ11.4 ይሆናል፤ 84 ካሬ ሜትር ብቻ። 10 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ የተሣለ የውስጥ ግድግዳ በግንድ ሲተካ ሌላ 20 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ኮሪደሩ የሚጠብበት ምክንያት ይህ ነው። መስኮቶቹም ማዕዘኑ ሥር ተጠግተው ይገኛሉ። በመስኮትና በማዕዘን መካከል 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ሙሉ ግንድ ካልቀረ ግድግዳው የሚይዘው ያጣል።

እንዲህ የተቀየረ ፕላን መሆኑን የምትለዩት በአንድ ነገር ነው፦ የግድግዳው ዝቅ ማለት ታስቦበታል ወይ? እርጥብ ግንድ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ግድግዳውም ከከፍታው እስከ 6 በመቶ ይወርዳል፤ በ2.7 ሜትር ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ነው። አስቀድሞ የደረቀ ግንድ ከዚህ በጣም ያነሰ ይወርዳል፣ ግን ይወርዳል። ቆሞ የተተከለ ምሰሶ ደግሞ በቁመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትክክለኛ ፕላን በየመቃኑ ራስ ላይ ባዶ ቦታ ያሳያል፤ በየምሰሶው ሥር ወይም ራስ ላይ የሚጠመዘዝ ክሪክ ያሳያል፤ የበረንዳውን ምሶሶዎች ጨምሮ፣ አለዚያ ግድግዳው ሲወርድ የበረንዳው ጣሪያ ወደ ቤቱ ይዘማል። መስኮቱ ራስ ላይ ክፍተት ካልተተወለት ክብደቱ ሁሉ መቃኑ ላይ ያርፋል፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ በሩ አይዘጋም።

መታጠቢያ ቤትና ኩሽና ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣ የላይኛው መታጠቢያም ልክ በላያቸው ሆኖ የተሣለ ፕላን ምረጡ፤ ቧንቧው ሁሉ በአንድ ቀጭን የእንጨት ክፍልፋይ ውስጥ ያልፋል። ወደ ላይ የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ ተንሸራታች መጋጠሚያ ይኑረው፤ ወለሉ ሲወርድ ቱቦው ቆሞ ከቀረ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ከወለሉ ያላቅቀዋል። ሴራሚክም በቀጥታ ግንድ ላይ አይለጠፍም፤ ከግንዱ ተለይቶ የቆመ ክፈፍ ያስፈልገዋል።

ግንዱ ከመታዘዙ በፊት የማብሪያና የሶኬት ቦታዎች ፕላኑ ላይ ይወሰኑ። የሽቦው ቀዳዳ የሚበሳው ግንዱ ዙር በዙር ሲደረደር ነው፤ ጣሪያ ከተመታ በኋላ ሶኬት ጨምሩልን ካላችሁ ሽቦው በግንዱ ፊት ላይ ተዘርግቶ ይቀራል።