ከአያት ለሚነሳ፦ ብሔራዊ ወይስ ሀገር ፍቅር?

አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ለሚኖር ሰው ቴአትር ማየት መጀመሪያ የመንገድ ጉዳይ ነው። በዚህ ብሔራዊ ቴአትር ከሀገር ፍቅር ቴአትር ይቀድማል። ባቡሩ ለገሃር ያወርድዎታል፤ ከዚያ ቴአትር ቤቱ አጠገብ እስካለው የአንበሳ ሐውልት በእግር ቅርብ ነው። ሀገር ፍቅር ግን ፒያሳ ነው። ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሰልፍ።

አዳራሽ ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ይገለበጣል። በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ (25ኛ የንግሥና ዓመት) የተከፈተው ብሔራዊ ከ1 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ግርማ ሞገሱ ሌላ ነው። ኋላ ለተቀመጠ ግን ተዋናዩ ቅንድቡን ቢያነሳ ማን ያያል? ፊትዎ ረጅም ሰው ከተቀመጠማ አለቀ! ስለዚህ ቀደም ብለው ሄደው መሃል ላይ ይያዙ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ጠበብ ይላል። የተዋናዩ ላብ ይታያል፤ ቃል ሲጠፋበትም ያስታውቃል። ኮሜዲ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲስቅ አዳራሹ በሙሉ ይከተላል።

መጸዳጃ ቤት? የትም ይሁን የት፣ መጋረጃው ሳይከፈት ጣጣዎን ይጨርሱ።

ለእኔ ብዙ ሰው መድረክ ላይ የሚወጣበት ታሪካዊ ቴአትር በብሔራዊ ያምራል፤ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ከሆነ ሀገር ፍቅር። አዛውንት ይዘው ከሆነ ግን ብዙ አያስቡ፣ ብሔራዊ ይሂዱ። የቀኑን ትርኢት ይምረጡ፤ ማታ የአያት ታክሲ መጠበቅ ቀልድ አይደለም።