«የት ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ ስልኩ ራሱ ሲመልስ፦ የኤኤምኤል አገልግሎት ግምገማ

ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ማዕከል የሚደውል ሰው በቅድሚያ የሚጠየቀው የት እንዳለ ነው። ብዙ ጊዜ መመለስ የሚያቅተውም ይህንኑ ነው። የደነገጠ ሰው የገዛ ሰፈሩ ስም ይጠፋበታል፤ መንገደኛ የቆመበትን ቦታ ስም ድሮም አያውቀውም፤ ሕፃን ልጅ «ቤት ነኝ» ይላል፤ ትንፋሽ ያጠረው ወይም አጥቂው አጠገቡ የቆመ ሰው ጭራሽ መናገር አይችልም። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችና የነፍስ አድን ተቋማት ተባብረው ከሠሯቸው ነገሮች መካከል ለዚህ ችግር ቀጥተኛ መልስ ያመጣው አድቫንስድ ሞባይል ሎኬሽን፣ ባጭሩ ኤኤምኤል፣ የሚባለው አገልግሎት ነው። በዚህ ግምገማ ከደዋዩ ስልክ ተነስተን እስከ ስምሪት ሠራተኛው ስክሪን ድረስ እንከተለዋለን። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ የስልኩ ድርሻ በሚገባ ተሠርቷል፤ ስህተቱ የሚበዛው በተቀባዩ ወገን ነው።

አገልግሎቱ የተጀመረው በብሪታንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቴሌኮም ኩባንያው ቢቲ፣ የሞባይል ኔትወርኩ ኢኢ እና ስልክ አምራቹ ኤችቲሲ አብረው ሥራ ላይ አዋሉት። በ2016 ጉግል በአንድሮይድ ውስጥ አካተተው፤ አፕል ደግሞ በማርች 2018 በአይኦኤስ 11.3 ተከተለ። ሁለቱ ከገቡበት በኋላ ነገሩ የአንድ ሞዴል ስልክ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከማርች 17 ቀን 2022 ጀምሮ ለገበያው የሚቀርብ ስማርት ስልክ ሁሉ በአደጋ ጥሪ ጊዜ በዋይፋይና የአውሮፓ የቦታ መጠቆሚያ በሆኑት በጋሊልዮ ሳተላይቶች ቦታውን ማሳወቅ እንዲችል በሕግ አስገድዷል።

ትልቁ ብርታቱ ከደዋዩ ምንም አለመጠየቁ ነው። የሚጫን መተግበሪያ፣ የሚሞላ ቅጽ፣ የሚነካ ቁልፍ የለም። የአደጋ ጊዜው ቁጥር ሲደወል ስልኩ ቁጥሩን ይለየዋል፤ የአካባቢ መጠቆሚያው ጠፍቶ ቢሆን እንኳ ለዚያ ጥሪ ራሱ ያበራዋል፤ ከሳተላይት፣ በዙሪያው ካሉ የዋይፋይ ማሠራጫዎችና ከሞባይል አንቴናዎች የሚያገኘውን እያነጻጸረ በ20 ሰከንድ ገደማ ቦታውን ያሰላል። ከዚያም ድምፁ ሳይቋረጥ ውጤቱን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለማዕከሉ ይልካል። መልእክቱ ከተላኩ መልእክቶች መካከል አይታይም። ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ በቤቷ ውስጥ ጥቃት የሚደርስባት ሴት ስልኳ በኋላ ቢፈተሽ ቦታዋን እንዳሳወቀች የሚያጋልጥ መልእክት አይገኝም። የጥሪው ቁጥር ግን በተደወሉ ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ያን ማጥፋት የራሷ ሥራ ይሆናል።

ጥቅሙ የሚታወቀው ከድሮው ዘዴ ጋር ሲተያይ ነው። ኔትወርኩ ብቻውን የሚያውቀው ስልኩ ከየትኛው አንቴና ጋር እንደተገናኘ ነው። በጂኤስኤም ኔትወርክ አንድ አንቴና እስከ 35 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ስልክ ሊያገለግል ይችላል፤ ርቀቱን ለመገመት የሚጠቀምበት መለኪያም በየ550 ሜትሩ ነው የሚዘለው። ከተማ ውስጥ አንቴናዎች ስለሚቀራረቡ ስልኩ ሊገኝበት የሚችለው ክብ ይጠባል፤ ገጠር ላይ ግን በኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ራዲየሱ 5 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ 78 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ስልኩ በሳተላይት የሚያገኘው 10 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ደግሞ 314 ካሬ ሜትር ነው፣ አንድ ትልቅ ግቢ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ክብ ለመፈለግ ብዙ ሰውና ተሽከርካሪ ይሰማራል፤ ሁለተኛውን አንድ የአምቡላንስ ቡድን በእግሩ ያዳርሰዋል።

መልእክቱ የሚይዘው ኬክሮስና ኬንትሮስን ብቻ አይደለም። የክቡ ራዲየስ በሜትር፣ ቦታው የተለካበት ሰዓት፣ የመተማመኛው ደረጃ (ደዋዩ በክቡ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ) በመቶኛ፣ መለኪያው ሳተላይት ይሁን ዋይፋይ ወይም አንቴና፣ እንዲሁም የሲም ካርዱና የስልኩ መለያ ቁጥሮች አብረው ይመጣሉ። ስልኩ ቦታውን ማግኘት ካልቻለም «አላገኘሁም» የሚል መልእክት ይልካል። ይህን ሁሉ አንድ 160 ፊደል የሚይዝ መልእክት ውስጥ ማሳጠራቸው ብልህነት ነው፤ ደካማ ሲግናል ባለበት፣ ኢንተርኔት በማይሠራበት ቦታ እንኳ ያልፋል።

በጥሪ ማዕከሎች ከሁሉ ይበልጥ በተሳሳተ መንገድ የሚነበበው ራዲየሱ ነው። ሠራተኛው «20 ሜትር» የሚል ሲያይ ደዋዩ በእርግጠኝነት በዚያ ክብ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። አንድሮይድ የሚሰጠው የትክክለኛነት ቁጥር ግን በ68 በመቶ መተማመኛ የተሰላ ነው፤ ከመቶ ጥሪ በ32ቱ ሰውየው ከክቡ ውጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ የሚታየው ክብ ከመሳሉ በፊት የመተማመኛው ደረጃ መታየት አለበት። ስህተቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበተናል ብለን ካሰብን 68 በመቶውን ወደ 95 በመቶ ለማሳደግ ራዲየሱን በ1.6 ማባዛት ይበቃል፤ 20 የነበረው 32 ሜትር ይሆናል። ከዚህ የባሰው ክቡን ጨርሶ ትቶ አንዲት ነጥብ ብቻ የሚያሳይ ሶፍትዌር ነው። ነጥቧ ባጋጣሚ አንድ ቤት ላይ ካረፈች ቡድኑ ያንን በር ያንኳኳል፣ ታማሚው ደግሞ ጎረቤት ቤት ይቆያል።

ዋይፋይ ቤት ውስጥ ጥሩ ረዳት ነው፤ የራሱ የሆነ ስህተትም አለው። ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው የማሠራጫዎቹን መለያ ቀደም ሲል ከተመዘገበ ቦታቸው ጋር በማመሳከር ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ማሠራጫውን ይዞ ከሄደ መዝገቡ እስኪታደስ ድረስ አሮጌው አድራሻ ሊመጣ ይችላል። አውቶቡስና ባቡር ላይ የተገጠመ ዋይፋይም እንዲሁ ያሳስታል። በረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ደግሞ የሳተላይቱ ሞገድ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚደርስ ነጥቧ ወደ ማዶው መንገድ ልትሻገር ትችላለች። ለዚህ ነው የመለኪያው ዓይነት በስክሪኑ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለበት፤ «ዋይፋይ፣ 25 ሜትር» እና «ሳተላይት፣ 25 ሜትር» የሚሉ ሁለት ውጤቶች የሚሳሳቱበት መንገድ የተለያየ ነው።

ፎቅ ያልተፈታ ችግር ነው። ደዋዩ ያለበት ሕንፃ በትክክል ቢታወቅም ሦስተኛ ፎቅ ይሁን አሥራ ሦስተኛ ሳይለይ ቡድኑ ደረጃ ላይ ጊዜ ይጨርሳል። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከፍታ በ80 በመቶ ጥሪዎች ከ3 ሜትር ባልበለጠ ስህተት እንዲታወቅ መለኪያ አውጥቷል። 3 ሜትር ወደ አንድ ፎቅ ይጠጋል። ነገር ግን በሜትር የተገለጸ ከፍታ በራሱ የፎቅ ቁጥር አይደለም፤ የመሬቱ ከፍታና የእያንዳንዱ ፎቅ ቁመት ካልታወቀ ሠራተኛው ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ኤኤምኤል ቢኖርም «ስንተኛ ፎቅ?» የሚለው ጥያቄ ከጥሪ ተቀባዩ ቅጽ መውጣት የለበትም።

አገልግሎቱ ጭራሽ የማይሠራባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ከሁሉ በፊት የአገሩ የአደጋ ጊዜ ተቋም መልእክቱን ለመቀበል ከኔትወርኮቹና ከስልክ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ጋር መስማማት አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ዘመናዊው ስልክ እንኳ የሚልክበት የለውም። ሲም ካርድ የሌለው ስልክ በአንዳንድ አገሮች የአደጋ ጥሪ ማድረግ ቢችልም የጽሑፍ መልእክት ግን ሊልክ አይችልም። በሮሚንግ (በውጭ አገር ኔትወርክ) ላይ ያለ እንግዳ መልእክቱ በአገሩ ኔትወርክ ዞሮ ስለሚያልፍ ልዩ ዝግጅት ካልተደረገ መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ ስልክ ቅድሚያ የሚሰጠው ለድምፁ ስለሆነ የሳተላይት መቀበያውን ላያበራ ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ አገልግሎቱ የሚነሳው ስልኩ በአደጋ ጊዜ ቁጥርነት የሚያውቀው ቁጥር ሲደወል ብቻ ነው። ለፖሊስ ጣቢያው ወይም ለእሳት አደጋ ጽሕፈት ቤቱ መደበኛ ስልክ የደወለ፣ ወይም በመልእክት መላላኪያ መተግበሪያ በኩል የደወለ ሰው ቦታው አይታወቅለትም።

አሁን ወደ ተቀባዩ ወገን እንምጣ። መልእክቱ የሚደርሰው ጥሪው ከተነሳ በኋላ ነው። ጥሪው ሲነሳ ቦታውን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ የሚዘጋ ሶፍትዌር ሁልጊዜ የሚያገኘው የአንቴናውን ሰፊ ክብ ነው፤ ትክክለኛው መልእክት ከ20 ሰከንድ በኋላ ሲደርስ የሚያየው የለም። ጥሩ ሥርዓት ጥሪው እስኪያልቅ ድረስ አዲስ መልእክት መኖሩን በየጥቂት ሰከንዱ ይፈትሻል፤ አዲሱ ሲመጣም በድምፅ ወይም በቀለም ያሳውቃል እንጂ ሠራተኛው ሳያውቀው ነጥቧን አያንቀሳቅስም። መልእክቱና ጥሪው የሚገናኙት በስልክ ቁጥር ነው። ሁለት ሲም ያለው ስልክ በአንደኛው ደውሎ በሌላኛው ከላከ አይገጣጠሙም፤ በመሥሪያ ቤት ማዞሪያ በኩል ያለፈ ጥሪም እንዲሁ። ያልተገጣጠሙ መልእክቶችን ሳይጥል ለብቻ የሚያሳይ መስኮት ያለው ሥርዓት ከሌለው እጅግ ይሻላል።

የመጨረሻው ወጥመድ ቁጥሩ በሬዲዮ ሲነገር ነው። «40.30» የሚለውን ዲግሪ በነጥብ ያነበበና «40 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ» ብሎ የሰማ ሁለት ሰው በኬክሮስ 22 ኪሎ ሜትር ይለያያሉ። ቦታው በቃል ሳይሆን በቀጥታ ወደ አምቡላንሱ ካርታ መተላለፍ አለበት። የግድ በቃል ከሆነ ከነጥብ በኋላ አምስት አኃዝ ይበቃል፤ አምስተኛው አኃዝ አንድ ሜትር ያህል ነው። ምድርን በ3 ሜትር ካሬዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሦስት ቃላት የሚሰጠው ዋት ስሪ ወርድስ ለተራራ ተጓዥ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ደዋዩ ማንበብና በትክክል መጥራት ይጠበቅበታል፤ ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸው ቃላት ደግሞ ሩቅ ቦታ ይወስዳሉ። እኛ እንደ ሁለተኛ አማራጭ እንጂ እንደ ዋና መንገድ አንመክረውም።

ኔትወርክ በሌለበት የአፕል የሳተላይት ጥሪ አለ። በኖቬምበር 2022 ከአይፎን 14 ጋር በአሜሪካና በካናዳ ተጀመረ፤ የሚጠቀመውም ግሎባልስታር የተባለውን ኩባንያ ሳተላይቶች ነው። ስልኩ አጫጭር ጥያቄዎችን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ መልሱን ከቦታው ጋር አጭቆ ይልካል። ክፍት ሰማይ ሥር 15 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ዛፍ ከሸፈነው ከደቂቃ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የጽሑፍ መልእክት የማይቀበሉ ማዕከሎች እንዳሉ ታስቦ መሀል ላይ የሰለጠኑ ሰዎች ተቀምጠው በስልክ ማስተላለፋቸውን እጅግ ወደነዋል።

በአንጻሩ ራሳቸው የሚደውሉ ስልኮች ነገር ገና አልበሰለም። በ2023 የብሪታንያ ፖሊስ፣ የአንድሮይድ ስልክን ቁልፍ አምስት ጊዜ በመጫን የሚነሳው ጥሪ ሳይታወቅ ኪስ ውስጥ እየተነካ መስመር እንደሚይዝ አስጠንቅቋል። የአይፎን የግጭት መለያም በበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች መውደቅን እንደ መኪና አደጋ እየቆጠረ ማዕከሎችን አድክሟል። ባለማወቅ የተደወለ ጥሪ አይዘጋም፤ መስመሩ ላይ ቆይቶ ችግር አለመኖሩን መናገር ያስፈልጋል፤ ከተዘጋ ማዕከሉ መልሶ ለመደወል ይገደዳል።

ከፍትሕ አኳያ ሲታይ የኤኤምኤል አሠራር የተሻለ ጥንቃቄ ያለበት ነው። መረጃው የሚላከው ደዋዩ ራሱ እርዳታ ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ በአንድሮይድም ከስልኩ ወደ ማዕከሉ በቀጥታ ይሄዳል እንጂ በጉግል ሰርቨር አያልፍም። ይህን በአሜሪካ ፖሊስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ «በዚህ ሰዓት እዚህ አካባቢ የነበሩትን ስልኮች ሁሉ ስጡን» ብሎ ከጉግል ይጠይቅበት ከነበረው አሠራር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያኛው ወንጀል ያልነካካቸው ሰዎችም በዝርዝሩ ይገቡ ነበር፤ ጉግል በዲሴምበር 2023 የአካባቢ ታሪክን በተጠቃሚው ስልክ ላይ ለማኖር መወሰኑን ሲያሳውቅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልስበት መዝገብ ጠበበ። ሰው ለነፍሱ ብሎ የላከው ቦታ ለሌላ ምርመራ እንደ ማጥመጃ እንዳይውል መከላከል አለበት ብለን አጥብቀን እናምናለን፤ አለበለዚያ የፈራ ሰው መደወሉን ይተዋል።

ተጠቃሚው ማድረግ ያለበት ጥቂት ነው። በአንድሮይድ በሴቲንግ ውስጥ ስለ ደህንነትና ድንገተኛ አደጋ በሚለው ክፍል የአደጋ ጊዜ አካባቢ አገልግሎቱ መብራቱን ማየት፤ በአይፎን በአካባቢ አገልግሎቶች ሥር ካሉት የሲስተም አገልግሎቶች መካከል የአደጋ ጥሪ የሚለውን ማረጋገጥ። ለሙከራ ብሎ ማዕከሉን መደወል ክልክል ነው።

አገልግሎቱን ለመቀበል የሚዘጋጅ ማዕከል ግን ከሶፍትዌር አቅራቢው ጋር ከመፈራረሙ በፊት በውሉ ውስጥ ሊያስጽፋቸው የሚገቡ አሉ፦ መልእክቱ ለደዋዩ ነፃ መሆኑ፣ ካርታው ክቡንና የመተማመኛውን ደረጃ ማሳየቱ፣ ጥሪው እስኪያልቅ መታደሱ፣ ከሁሉም ኔትወርኮችና ባለ ሁለት ሲም ስልኮች የሙከራ ጥሪ በተለየ የሙከራ መስመር መደረጉ፣ የሲምና የስልክ መለያ ቁጥሮቹ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚጠፉ፣ እስከዚያ ድረስ ማን ሊያያቸው እንደሚችልና የተመለከታቸው ሰው ስም በመዝገብ መያዙ።