ለሞዴል ገደልና ድንጋይ የትኛው ፎም ይሻላል?

ለሞዴል ገደል ወይም ተራራ ፎም ልትገዙ ነው? ከዋጋው በፊት የተሰበረ ጠርዙን እዩ። ድንጋይ የሚመስለው ገጽ የሚወጣው ፎሙ ሲቆረጥ፣ ሲሰበርና ሲጫን ነው። ስለዚህ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎበት የሚመጣው ነጩ ፎም ኢፒኤስ ይባላል። በእንፋሎት ያበጡ ትንንሽ የፖሊስታይሪን (የፕላስቲክ ዓይነት) ፍሬዎች እርስ በርስ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ስትሰብሩት ስንጥቁ ፍሬዎቹን እየተከተለ ይሄዳል፤ የምታገኙት ድንጋይ ሳይሆን የድቡልቡል ፍሬዎች ክምር ነው። በ1፡72 ሞዴል ላይ፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ሞዴል ላይ፣ አንዲት የ3 ሚሊሜትር ፍሬ ከ21 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ክብ ድንጋይ ትሆናለች። ዓይን ወዲያው ያያታል። የካተሩ ስለት ትንሽ ከደነዘ ደግሞ ይቦጭቀዋል፤ ፍርፋሪውም ልብስ ላይ እየተለጠፈ ያስቸግራል። በስቱኮ ወይም በጄሶ ከሸፈናችሁት ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ድንጋዩን የምትቀርጹት ሽፋኑ ላይ ነው።

ኤክስፒኤስም ያው ፖሊስታይሪን ነው፤ ግን ቀልጦ በማሽን እየተገፋ ስለሚወጣ ፍሬ የለውም። ለቤት ሙቀት መከላከያ የሚሸጠው፣ ብዙ ጊዜ ሮዝ ወይም ሰማያዊ የሆነው ሰሌዳ ነው። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ግማሽ ድረስ በካተር ቆርጣችሁ የቀረውን በእጃችሁ ስበሩት፤ ስብራቱ ብቻውን ገደል ይመስላል። ፎይል ጨብጣችሁ አድቦልቡሉና እየተጫናችሁ አንከባልሉበት፤ ምንም የማይመሳሰሉ ጉድጓዶች ይተዋል። ሻካራ እውነተኛ ድንጋይ ብትጫኑበትም መልኩን ይቀበላል። ቀጫጭን ሰሌዳዎች ደራርባችሁ ጠርዛቸውን ብትቦጫጭቁ ንብርብር የአሸዋ ድንጋይ ይወጣል። ባለ ስድስት ጎን ዘንጎች ቆርጣችሁ አጠጋግታችሁ ብታቆሙ ደግሞ የባዛልት ዓምዶች ይሆናሉ። ብቻ የፋብሪካውን ልሙጥ ቆዳ አስቀድማችሁ በሳንድ ፔፐር አንሱት፤ ኮላና ቀለም በደንብ አይዝም።

ሦስተኛው ጠጣሩ የፖሊዩሬቴን ፎም ነው። ለረቂቅ ቅርጽ ጥሩ ነው፤ ግን ብናኙ ብዙ ስለሆነ ያለ ማስክ አትሥሩበት። በጋለ ሽቦ ደግሞ በጭራሽ አትቁረጡት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሁለቱን የፖሊስታይሪን ዓይነቶች በጋለ ሽቦ መቁረጥ ይቻላል፤ ያም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ፣ አየር እየተንሸራሸረ ነው።

ቀለም ላይ ሲደረስ ፖሊዩሬቴን ይሻላል። አሴቶንና በብዙ ስፕሬይ ቀለሞች ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ኢፒኤስንም ኤክስፒኤስንም ይበላቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የእንጨት ኮላን ከጥቁር አክሪሊክ ቀለም ጋር ደባልቃችሁ መላ ገጹን ቀቡት። ጥቁሩ ስንጥቆቹ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ ግራጫውን በደረቅ ብሩሽ ከላይ ከላይ ብቻ ታስነኩታላችሁ።

ሞዴሉ ትልቅ ከሆነ ውስጡን በርካሹ ነጭ ፎም ሙሉትና ፊቱን ብቻ በኤክስፒኤስ አልብሱት። ትንሽ ከሆነ ሁሉንም በኤክስፒኤስ ሥሩት፤ የዋጋው ልዩነት አያስቆጭም። ስትገዙ ግን ቀለሙን ብቻ አትመኑ፤ አምራቾች የየራሳቸውን ቀለም ይጠቀማሉ። ጠርዙን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ፍሬ ሳይታይ ጥርት ያለ ምልክት ከቀረበት የምትፈልጉት እሱ ነው።