ገበናዬን ጠብቀውልኛል፣ አንድ ኮከብ ግን ቀንሻለሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ የካውንስሊንግ (የሥነ ልቦና ምክር) ቢሮ ስምንት ወር ተመላልሻለሁ። የቢሉን ጣጣም ስለምነግራችሁ ስማቸውን አልጠራም። የምጽፈው ግን አሜሪካ ውስጥ የትኛውም ቢሮ ብትሄዱ ይጠቅማችኋል።

እኛ ሐበሾች ወደዚህ ቦታ የማንሄደው ገንዘብ ስላጠረን ብቻ አይደለም። «ሰው ምን ይለኛል» ይይዘናል። ሆድ ይፍጀው ብለን እንቀመጣለን። እኔም እናቴ ካረፈች በኋላ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ሳልሄድ የቆየሁት፣ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት የማገኛቸው ሰዎች እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንዳያሙኝ ፈርቼ ነው።

ኢንሹራንሴ በባለቤቴ ሥራ በኩል ነው። በዚያ ከተከፈለ የት እንደታከምኩና ስንት እንደተከፈለ የሚገልጽ ደብዳቤ በእሱ ስም ቤት ሊመጣ ይችላል። ባለቤቴ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዝግጁ ስሆን እኔው ልነግረው ፈልጌ ነው። ሂሳቡን ሙሉ በሙሉ ከኪሴ ከከፈልኩና እንዳይላክ ከጠየቅኩ ለኢንሹራንሱ ምንም እንደማይልኩ ነገሩኝ። ይህ ውለታ አይደለም፣ ሂፓ የሚባለው የታካሚን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ የሰጠን መብት ነው። አንድ ገጽ ሞልቼ ፈረምኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጄ ስልኬን ይዞ ሲጫወት የቀጠሮ ማስታወሻ ገባ። የቢሮው ስም፣ ቀጥሎ «ካውንስሊንግ»። «እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?» አለኝ። ልቤ ወረደ። በማግስቱ ደወልኩና መልእክቱ እንዲቀየር ጠየቅኩ፤ አሁን የሚመጣው ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። በየት ስልክ፣ በየት አድራሻ እንደሚያገኟችሁ መምረጥም መብታችሁ ነው።

አስተርጓሚውም ያስጨንቀኝ ነበር። እንግሊዝኛ አያቅተኝም፣ የሆዴ የሚወጣው ግን በአማርኛ ነው። ሰፈራችን ጠባብ ስለሆነ የማውቀው ሰው እንዳይመጣብኝ ፈራሁ። በስልክ፣ ከሌላ ስቴት፣ ስሜ ሳይነገረው የሚያስተረጉም ሰው አገኙልኝ፣ በነጻ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ ልጅሽን ይዘሽ ነይና ያስተርጉምልሽ ሊሏችሁ አይገባም።

አሁን ወደ ቢሉ። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከኪሱ ለሚከፍል ሰው የወጪውን ግምት አስቀድመው በጽሑፍ መስጠት ግዴታ ነው። እኔም ተሰጥቶኛል፤ ለ45 ደቂቃ 150 ዶላር ይላል። ሦስተኛው ወር ላይ ግን ለእያንዳንዱ ቀጠሮ 210 ዶላር የሚል ቢል መጣ። ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። የተሰጠውን አገልግሎት የሚገልጸው ኮድ 90837 ነው፣ የ60 ደቂቃ። የ45ቱ 90834 ነው። ልዩነቱ የመጨረሻዋ አንዲት ቁጥር ናት፣ እኔ ላይ ግን በአራት ቀጠሮ 240 ዶላር ሆነች። ሁለቴ ደውዬ መልስ አጣሁ። በጣም አናደደኝ፤ ሐዘንሽን ልታወሪ ሄደሽ ስለ ገንዘብ መጨቃጨቅ ያማል። በመጨረሻ የግምቱን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ላክሁ፣ በሳምንቱ አስተካክለው ይቅርታ ጠየቁ። ያቺን ወረቀት ባልይዝ በምን አፌ እከራከር ነበር?

ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ቢሉ ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በ120 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍላችሁ ለፌዴራል መንግሥት ክርክር ማቅረብ ትችላላችሁ። የኔ እዚያ አልደረሰም። እናንተ ግን ግምቱን አትጣሉት።

የሕክምና ፋይሌንም እንዲሰጡኝ ጠይቄ ነበር። ሕጉ 30 ቀን ይሰጣቸዋል፣ በዘጠኝ ቀን ሰጡኝ። ቴራፒስቷ (የምታማክረኝ ባለሙያ) ለራሷ ለይታ የምትይዘው ማስታወሻ ግን አይጨመርበትም። ምስጢር የማይጠበቅበት ጊዜ እንዳለም መጀመሪያ ቀን ቁጭ ብላ አስረድታኛለች፦ ራስን ወይም ሰውን የመጉዳት አደጋ ካለ፣ ልጅ ከተበደለ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ። በግልጽ መናገሯ ይበልጥ እንዳምናት አደረገኝ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለቢሉና ለእንግዳ መቀበያው ነው። መስኮቱ ከወንበሮቹ ሁለት እርምጃ አይርቅም፣ የሂሳብ ወሬው ሁሉ ይሰማል። ባለፈው ሳምንትም ነግሬያቸዋለሁ፣ ወንበሮቹን እናርቃለን ብለዋል።