የሮም ቄራ ሰፈር ምሳ

ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ምግቡ ገና አላለቀም። ከታች ትኩስ ፓስታ፣ ከላይ በጣም ደቆ የተፈቀፈቀ ነጭ አይብ፣ አይቡ ላይ ቁንዶ በርበሬ። አስተናጋጁ አስቀምጦልን አልሄደም፤ ማንኪያና ሹካ ይዞ እዚያው ፊታችን ያገላብጠው ጀመር። መጀመሪያ አይቡ የሚጓጉል መስሎኝ ነበር። ከፓስታው ጋር የመጣችው ትንሽ የመቀቀያ ውኃ ስትደርሰው ግን ላላ፣ ሟሟ፣ ወዲያው ወፍራም ነጭ ስጎ ሆኖ እያንዳንዷን ዘለላ አለበሳት። ደንቡ ቅቤ የለበትም፣ ክሬም የለበትም። የበግ ወተት አይብ፣ ቁንዶ በርበሬና የፓስታው ውኃ ብቻ። ስሙም ያው ነው፤ "ካቾ ኤ ፔፔ" ማለት "አይብና ቁንዶ በርበሬ" ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ጨውነቱ ቀደመኝ፤ ፔኮሪኖ ሮማኖ ጨው የሚበዛው አይብ ነው። ሦስተኛው ላይ ቁንዶ በርበሬው ጉሮሮዬን ያሞቀው ጀመር። ፓስታው ቶናሬሊ ይባላል፤ ከስፓጌቲ ወፈር ያለ፣ ጎኑ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን የሆነ፣ ሲታኘክ ጥርስ የሚታገል ዓይነት ነው። ባለቤቴ እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሷን ለሚያውቅ ሰው ይኼ ትልቅ ምስክርነት ነው።

ቤቱ ፌሊቼ አ ቴስታቾ ይባላል፤ የተከፈተው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመቱን ሳይ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ያቺ ዓመት ለእኛ አዲስ አበባ የተያዘችበት ዓመት ናት፤ አያቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ፓስታ በየቤታችን የገባውም ከጣሊያኖች ጋር ነው። ሁለቱንም አብሬ ይዤ ነው የበላሁት፤ አንዱ ሌላውን እንዲያስረሳኝ አልፈለግኩም፣ አላስረሳኝምም። ስለ መሥራቹ ስለ ፌሊቼ ትሪቬሎኒ የሚወራ ነገር አለ። ባዶ ጠረጴዛዎች ላይ ሁሉ "ተይዟል" የሚል ወረቀት ያስቀምጥና በር ላይ የመጣውን ሰው አይቶ ደስ ካለው ብቻ ያስገባ ነበር ይላሉ። ዛሬ በሩን የሚከፍተው ቀጠሮ ነው፤ ከሳምንት ቀደም ብሎ ቦታ መያዝ ይሻላል።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጣችን በፊት በነበረው ምሽት ግን ሮም ክፉኛ አሳዝናን ነበር። መሀል ከተማ፣ ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ አጠገብ፣ ስሙን በማልጠራው ምግብ ቤት፣ ይኼንኑ ካቾ ኤ ፔፔ አዘዝን። የመጣልን የቀዘቀዘ፣ ዱቄት የበዛበት ክሬም የተደፋበት ስፓጌቲ ነበር፤ ሹካ ስሰድበት ሙሉው አብሮ ተነሣ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ቀምሳ "ይኼንንማ ሰፈራችን ያለው ካፌ አስንቆ ይሠራዋል" አለች። እውነቷን ነው። ሂሳቡ ሲመጣ ያላዘዝነው ዳቦ፣ ያልጠየቅነው ውኃና "አገልግሎት" የሚል መስመር ተጨምሮበት ለሁለት ሰው 70 ዩሮ አለፈ። ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ። ዓመቱን ሙሉ ቆጥበን የመጣንበት ከተማ የመጀመሪያ እራት መሆኑ ነው።

ከኋላ ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ነበረ። በር ላይ ቆሞ በአምስት ቋንቋ የሚጣራ ሰው፣ የምግብ ፎቶ የተለጠፈበት ትልቅ ሰሌዳ፣ ከቀትር በፊት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት የማይዘጋ ወጥ ቤት። የሮም ሰው የሚበላበት ቤት ደንበኛ አይጣራም። ምሳ በእኛ ሰዓት ከ6:30 እስከ 9 ያቀርብና ይዘጋል፤ እራት ደግሞ ከምሽቱ 1:30 በፊት አያስገባም። ቱሪስቱ 11 ሰዓት ላይ ሲርበው የሚያገኘው ያው የሚጣራውን ነው።

ያዳነችን የአክስቴ ልጅ ናት። ሮም ከገባች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የምትሠራው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። (ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ" ይባላል፤ ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት የጣሊያን ወታደሮች የተሰጠ ስም ነው። እንጀራ ያማረው ሰው የሚያገኘውም እዚያው ዙሪያ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ነው።) የማታውን ስነግራት ሳቀችና "እናንተ ደግሞ መሀል ከተማ ምን ወሰዳችሁ? ነገ ቄራ ነው የምወስዳችሁ፤ ቁርስ እንዳትበሉ" አለችን።

ቴስታቾ በእርግጥም የሮም ቄራ ሰፈር ነው። ቄራው ከ1888 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ እስከ 1975 ድረስ ሲታረድበት ኖሯል። የከብቶቹ ማሠሪያ ብረት አሁንም ተሰቅሏል፤ ግቢው ግን ኤግዚቢሽን ማሳያና ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከጎኑ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ። ሣርና ዛፍ ስለበቀለበት ተራ ኮረብታ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት ግን ገል ነው። ጥንታዊ ሮማውያን የወይራ ዘይት በእንስራ ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ እያስመጡ፣ ዘይቱን ገልብጠው እንስራውን እዚያ እየሰበሩ ከመሩት። ከ50 ሚሊዮን በላይ እንስራ እንዳለበት ይገመታል። በገሉ መሀል አየር ስለሚዘዋወር ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከኮረብታው ሥር የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ዋሻ እየቆፈሩ፣ ምግብ ቤቶችም እዚያው ተደግፈው ተሠሩ። ፍላቪዮ አል ቬላቬቮዴቶ በሚባለው ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ መስታወት ተገጥሞ ገሉ ተደራርቦ ይታያል። ሳንበላ ገብተን ያንን ብቻ አይተን ወጣን፤ አስተናጋጆቹም አልከፋቸውም።

አሁን ወደ ሥጋው። ከብት አራት ሩብ ተደርጎ ይከፈላል፣ ሁለት የፊት፣ ሁለት የኋላ። ጥሩ ጥሩው ገንዘብ ላለው ይሄድ ነበር። ለቄራ ሠራተኛው ከደመወዙ ጋር የሚሰጠው የተረፈው ነው፦ ጭራ፣ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጉበት፣ ምላስ። ሮማውያን "አምስተኛው ሩብ" ይሉታል፤ የሰፈሩ ሚስቶችና ወጥ ቤቶች ከዚህ የሠሩት ምግብ ነው ዛሬ የሮም ኩራት የሆነው። ዱለት እየበላ ላደገ ሰው ይኼ ምን ማስረዳት ይፈልጋል? ጀርመኖቹ አጠገባችን ሜኑውን እያዩ ፊታቸውን ሲያኮማትሩ፣ እኔ አገሬ የገባሁ መስሎኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ባል የሮም ሰው ነው፤ እሱ የበሬ ጭራ አዘዘ። "ኮዳ አላ ቫቺናራ" ይሉታል። ከቲማቲም፣ ከወይን ጠጅና ከብዙ ሰለሪ ጋር ለብዙ ሰዓት በቀስታ እሳት ይበስላል፤ አንዳንዱ ቤት ዘቢብና ትንሽ ካካዎ ይጨምርበታል። ሥጋው ከአጥንቱ በማንኪያ ገፋ ሲደረግ ብቻውን ይወርዳል፤ ስጎው ከከንፈር ጋር ይጣበቃል፣ የቆየ የቅልጥም መረቅ እንደሚያደርገው። ሰውየው ሹካውን ትቶ በእጁ ገባበት። በእጅ መብላት እዚህ ነውር አይደለም፤ ለኮዳ ደንቡ ነው። ሲጨርስ ደግሞ በዳቦ ሳህኑን አበሰው፣ ልክ እኛ በእንጀራ ትሪውን እንደምንጠርገው።

ጨጓራው በቲማቲም፣ በዱር ናናና በፔኮሪኖ ይሠራል፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው። የሮም ሰው "ሐሙስ ኞኪ (የድንች ፓስታ)፣ ዓርብ ዓሣ፣ ቅዳሜ ጨጓራ" ይላል። "ፓያታ" የሚባለው ደግሞ ሣር ያልቀመሰ የጥጃ አንጀት፣ ውስጡ ካለው ወተት ጋር የሚበስል ነው፤ ሲበስል ወተቱ አይብ ይሆናል። በእብድ ላም በሽታ ምክንያት ለዓመታት ተከልክሎ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው የተፈቀደው። እኔ አልደፈርኩትም።

ለሐበሻ ተመጋቢ ማለት ያለብኝ አንድ ከባድ ነገር አለ። ከአራቱ ስመ ጥር የሮም ፓስታዎች ሦስቱ፣ ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ፣ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለባቸው። ጓንቻሌ ይባላል፤ ሜኑው ላይ ስሙ ላይጻፍም ይችላል። ካቾ ኤ ፔፔ ብቻ ነው ነፃው። የጭራው ወጥም ሽንኩርቱ በአሳማ ስብ የሚቁላላበት ቤት ብዙ ነው። እኔ አሳማ ስለማልበላ ጭራውን በዓይኔ ብቻ ነው የጠገብኩት። "ቼ ማያሌ?" (አሳማ አለበት?) ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚከበር ቤት አስተናጋጅ ካላወቀ ገብቶ ወጥ ቤቱን ይጠይቃል።

ይኼን ጥያቄ ሳይጠይቅ መብላት የፈለገ ሰው ፖርቲኮ ዶታቪያ የሚባለው መንገድ ዳር፣ የድሮው የአይሁድ ሰፈር ይሂድ። በኮሸር ሕግ የሚሠሩት ምግብ ቤቶች አሳማ አያስገቡም። ለጿሚም ከሮም ሁሉ የተሻለው ሰፈር እሱ ይመስለኛል። "ካርቾፎ አላ ጁዲያ" የሚባለው አርቲቾክ ሁለት ጊዜ በዘይት ይጠበስና ቅጠሉ እንደ አበባ ይፈነዳል፤ ጫፉ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ ልቡ ለስላሳ ነው። ወቅቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነውና ዐቢይ ጾም ላይ ለሚመጣ ሰው ቀኑ ገጥሞለታል። ባለቤቴ ሁለት በላች። በሌላው ሰፈር ደግሞ "ፓስታ ኤ ቼቺ"፣ የሽምብራ ፓስታ አለ፤ አይብና አንቾቪ የሚባለውን ትንሽ የጨው ዓሣ እንዳያስገቡበት አስቀድሞ መንገር ነው። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተጠበሰ ቺኮሪያ ጎመናችንን አስታወሰኝ፣ መረር ይላል እንጂ።

ቡና ቆሞ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዞ ባንኮኒው ላይ መደገፍ፤ ቶሞካ የጠጣ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ተቀምጠው ከጠጡ፣ በተለይ አደባባይ ዳር፣ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሳንት ኤውስታኪዮ የሚባለው ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ቡና ቤት ካልነገሯቸው ስኳር ጨምረው ነው የሚያቀርቡት። ውኃ በየመንገዱ ካሉት የብረት ቧንቧዎች በነፃ ይቀዳል፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ያልጠየቁት ዳቦ ከመጣ "አልፈልግም" ብሎ መመለስ ይቻላል። ያን ማታ ባውቀው ኖሮ!

በመጨረሻው ቀን ብቻዬን ወደ ቴስታቾ ገበያ ተመለስኩ። ገበያው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከድሮው ቄራ ፊት ለፊት ነው ያለው። ቁጥር 15 ላይ ሞርዲ ኤ ቫይ የሚባል ሱቅ አለ፤ ስሙ "ንከስና ሂድ" እንደማለት ነው። ሰልፉን ሩብ ሰዓት ቆምኩ። የሚሸጠው "አሌሶ" የጊደር ሥጋ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ቅቅል ብል አልዋሸሁም። ሰውየው ከድስቱ አንድ ቁራጭ አወጣ፣ ቢላዋ ሳያስፈልገው በሹካ ፈተተው። ከዚያ ዳቦውን ከፍሎ፣ ውስጡን ወደ ታች ገልብጦ መረቁ ውስጥ ነከር አደረገና አወጣው። ሥጋውን ሞላው፣ ቺኮሪያ ጨመረበት፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከ10 ዩሮ በታች ነው።

ጎኑ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ በላሁት። መረቁ በክርኔ ወርዶ እጅጌዬን አራሰው። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ የገበያ ጋሪያቸውን እንደያዙ፣ ምንም ሳይናገሩ ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ ተነሥቼ እንደገና ተሰለፍኩ፣ ለባለቤቴ ለባቡሩ አንድ ላስጠቀልልላት።